ብቻውን የማይበቃ መሣሪያ

ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ክር አለው፤ የሚቃኘውም ከተራው ጊታር አራት ወፋፍራም ክሮች አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው። ከሁሉም የወፈረው ክር ሳይጫኑት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ድምፅ በአየር ላይ ሲጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ያልፋል፤ ከብዙ ሰው ሳሎን ይረዝማል ማለት ነው። የሰው ጆሮ ለእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ቤዝ በደንብ እንዲሰማ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየርና ሰፊ ስፒከር ይፈልጋል። ሲሰማም በጆሮ ብቻ አይገባም፤ በደረትና በእግር ሥር ባለው ወለል በኩልም ይደርሳል። ሙዚቃ ያልተማረ አድማጭ ድምፃዊውን፣ ሳክስፎኑን፣ ኪቦርዱን ለይቶ ይናገራል። ቤዙን ግን ብዙ ጊዜ ልብ የሚለው ድንገት ሲቋረጥ ነው።

ቤዝ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የሚታዩት በሌላ ሰው ድምፅ ላይ ነው። አንደኛው ጊዜን መያዝ ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ድምፅ አብረው እየተደጋገሙ ሲሰሙ ከሁለቱ አንዱ ከጊዜው ጥቂት ቀድሞ ቢመጣ፣ የአድማጩ አንጎል የወፍራሙን መሳት ከቀጭኑ ይልቅ አጥርቶ እንደሚለይ አሳይተዋል። ምቱን በጣታቸው እንዲከተሉ የተጠየቁ ሰዎችም ጣታቸው ይበልጥ የተከተለው ወፍራሙን ነው። ሁለተኛው ሥራ ለኅብረ ድምፅ መሠረት መስጠት ነው። ኪቦርዱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይዞ ሳለ ቤዙ ዶ ቢመታ የሚሰማው ሜጀር ነው። ቤዙ ወደ ላ ሲወርድ ግን ኪቦርድ ተጫዋቹ አንድ ጣት እንኳ ሳያነሳ የዚያው ኅብረ ድምፅ ስሜት ወደ ማይነር ይዞራል። ቤዙ ራሱ የመታው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ የያዘው ትርጉም ነው።

ለእንጀራው ሳይሆን ስለወደደው ብቻ ቤዝ የሚጫወት ሰው ያለበት ልዩ ሁኔታ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ጊታር ያለው ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ራሱን እያጀበ ያንጎራጉራል፤ ክራር ያለውም እንዲሁ። የቀን ሥራውን ጨርሶ ማታ ቤዙን የሚያነሳ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም መምህር ግን እቤቱ ብቻውን የሚያገኘው የሙዚቃውን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ለቤዝ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ የለም ማለት አይደለም። ታዋቂው ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ መክፈቻ ላይ ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍሉት የብረት መስመሮች) በሌለው ቤዝ ዋናውን ዜማ ራሱ ተጫውቷል። በዚያም ላይ ግን አንድ የኮንጋ መቺ አጠገቡ ነበረ። ደግሞ ጃኮ ጃኮ ነው፤ ተራው ወዳጅ በእሱ አይለካም። ተራው ወዳጅ ሁለት ድምፆችን ለአራት ደቂቃ ሳያዛንፍ ቢመላለስ ሥራውን ሠርቷል። ደስታው የሚመጣው ከሁለቱ ድምፆች በላይ ሌላ ሰው አንድ ነገር ሲያቆምባቸው ነው። ስለዚህ ቤዝን መውደድ የሌሎችን መጫወት መውደድ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ይህን ደስታ ከፈላስፎች መካከል በቅርበት ያየው አልፍሬድ ሹትዝ ነው። ቪየና ተወልዶ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደደው ይህ ሰው ቀን ቀን ባንክ ውስጥ እየሠራ ከሥራው ውጪ ባለው ጊዜ ይጽፍና ያስተምር ነበር፤ እሱም በራሱ መንገድ ፍልስፍናን ስለወደደ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው አብሮ ስለመጫወት በሚናገር ጽሑፉ ያነሳው ጥያቄ፣ ሰዎች በቃል ከመነጋገራቸው በፊት እርስ በርስ የሚገናኙት በምንድን ነው የሚል ነበር። አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ሰዓት በሚቆጥረው ጊዜ ውስጥ ብቻ አይኖሩም፤ እያንዳንዱ የሌላውን ውስጣዊ ጊዜ፣ ዜማው በዚያ ሰው ውስጥ የሚፈስበትን ፍጥነት፣ እንደ ራሱ አድርጎ ይኖረዋል። የሌላውን እጅ ያያል፣ ትንፋሹን ይሰማል፣ ቀጥሎ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይጠብቃል። ሹትዝ ስለ ቤዝ ጊታር የጻፈው ነገር የለም። ሐሳቡ ግን ከማንም ይልቅ ለቤዝ ተጫዋች ይስማማል፤ የእሱ ሥራ ገና ያልመጣውን የሌላ ሰው ድምፅ መጠበቅ ነውና።

በዚያው በ1951 ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ ካለው ፋብሪካው ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ከእሱ በፊት በሲያትል ፖል ታትማርክ በ1930ዎቹ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ብዙ አልተስፋፋም። እስከዚያ ድረስ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ሰው ደብል ቤዝ ይሸከም ነበር፦ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ታክሲ ውስጥ የማይገባ፣ ፍሬት ስለሌለው ድምፁን በትክክል ለማግኘት ዓመታት የሚጠይቅ መሣሪያ። የፌንደር ቤዝ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ፍሬቱ ድምፁን ያስተካክላል፣ አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ስለሆነ ተፈትቶ ይቀየራል። እዚህ ላይ አንድ እውነት ሊታለፍ አይገባም፤ ሊዮ ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። የሠራቸውን መሣሪያዎች ለአካባቢው ሙዚቀኞች እየሰጠ ያስሞክር ነበር፤ የሚሉትን ሰምቶ ያርም ነበር። የኤሌክትሪክ ቤዝ ከመጀመሪያው ሰው ለሰው ሊሰጠው በሚችል መጠንና ቅርጽ የተሠራ ነው። ደብል ቤዝን ለጓደኛ ማዋስ የዕቃ ማጓጓዝ ሥራ ነው፤ ቤዝ ጊታርን ማዋስ ግን በር ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ግን ፌንደርንም አልጠበቁም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ስኪፍል የሚባለው የሙዚቃ ስልት ወጣቱን ሲይዘው በየሰፈሩ የተፈለፈሉት ቡድኖች ቤዝ የሚሠሩት ከሻይ ቅጠል ሣጥን ነበር። የፕላይውድ ሣጥኑ ተገልብጦ ይቀመጣል፣ በላዩ የመጥረጊያ እንጨት ይቆማል፣ ከእንጨቱ ጫፍ እስከ ሣጥኑ መሐል አንድ ሲባጎ ይወጠራል። እንጨቱን ወደ ኋላ ሲስቡት ሲባጎው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲለቁት ይወፍራል። ትክክለኛ ቅኝት የሚባል ነገር የለውም፤ ምት ግን አለው። ጆን ሌነን በሊቨርፑል ባቋቋመው ኳሪሜን በተባለው የተማሪዎች ቡድን ይህን ሣጥን በተለያየ ጊዜ የያዙት ልጆች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ሌን ጋሪ፣ ናይጀል ዎሊ፣ አይቫን ቮን። ከእነዚህ መካከል ቮን ስሙ በሙዚቃ ታሪክ የቀረው በመጫወቱ አይደለም። ሐምሌ 6 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ቡድኑ በዉልተን ቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ሲጫወት ፖል ማካርትኒ የተባለ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ይዞ መጥቶ ከሌነን ጋር አስተዋወቀው። ሣጥኑን አንዴ እሱ አንዴ ሌላው ይይዘው የነበረ ልጅ፣ ቡድኑን የራሴ ብቻ ነው ብሎ ያልዘጋ ልጅ፣ ከራሱ የሚበልጥ ሙዚቀኛ አመጣ። ይህን ማድረግ ለሁሉም ቀላል አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ስለ መዋዋስ ይበልጥ ያስተምራል። ስቱዋርት ሳትክሊፍ ሠዓሊ ነበር። ሥዕሉ ሲሸጥለት በእነ ሌነንና ማካርትኒ ቡድን ያሉ ጓደኞቹ ቤዝ እንዲገዛ ገፋፉት፤ በ1960 ሆፍነር የተባለ የጀርመን ቤዝ ገዛና መጫወት ያልሠለጠነበትን መሣሪያ ከእነሱ ጋር እየተለማመደ ሀምቡርግ ድረስ ሄደ። በ1961 ወደ ሥዕሉ ለመመለስ ሲወስን ቤዙን ለማካርትኒ አዋሰው። ማካርትኒ ግራኝ ነው፤ ሳትክሊፍ ግን ክሮቹን እንዳይቀይራቸው አደራ አለው። ስለዚህ ማካርትኒ የራሱን መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ ቤዙን ገልብጦ፣ ወፍራሙ ክር ከታች ቀጭኑ ከላይ ሆኖ ተጫወተበት። በዚህ ውሰት ውስጥ የሁለቱም ሰዎች ድርሻ በግልጽ ይታያል። ባለቤቱ ሰጠ፤ ሲሰጥ ግን መሣሪያው የእሱን እጅ እንዳይረሳ ድንበር አበጀ። ተዋሹ ደግሞ መሣሪያውን ወደ ራሱ አላጠፈም፤ ራሱን ወደ መሣሪያው አጠፈ። ሳትክሊፍ በሚያዝያ 1962 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቱ ሀምቡርግ ውስጥ አረፈ። ማካርትኒ በዚያችው ከተማ የገዛው የቫዮሊን ቅርጽ ያለው ሆፍነር ደግሞ በ1972 ለንደን ውስጥ ተሰርቆ ከ50 ዓመት በላይ ከጠፋ በኋላ ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 ተነገረ። የተዋሰ ቤዝ መድረክ ላይ ይወጣል፤ የተሰረቀ ታዋቂ ቤዝ ግን ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ሊመታ አይችልም።

ንብረትና አጠቃቀም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስቀድሞ የጻፈው አሪስቶትል ነው። ፖለቲካ በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ንብረት ሁሉ የጋራ ይሁን የሚለውን የፕላቶን ሐሳብ ሲመረምር፣ ለብዙ ሰው የጋራ የሆነ ነገር ከሁሉ ያነሰ እንክብካቤ ያገኛል ይላል። ቀጥሎ ግን ንብረት በሙሉ የግል ሆኖ ይታጠር አይልም። የሚሻለው ባለቤትነቱ የግል፣ አጠቃቀሙ የጋራ ሲሆን ነው፤ ስፓርታውያን አንዱ የሌላውን ፈረስና ውሻ እንደ ራሱ እንደሚጠቀሙበት። ለወዳጅ ውለታ መዋል ታላቅ ደስታ ነው፣ ያም የሚቻለው የሚሰጡት የራስ ነገር ሲኖር ነው ይላል። የቤዝ ወዳጆች ይህን የሚያውቁት በልምድ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ መሣሪያ የመቃኛ ቁልፉ ይላላል፣ የጃኩ መሰኪያ ይንኮሻኮሻል፣ ማንም አያሠራውም። ባለቤቱ የታወቀና ለሌሎች የተከፈተ መሣሪያ ግን ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለው፤ የሚሳሳለት ባለቤትና የሚያፍር ተዋሽ።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለብዙ ወጣት በግል የሚገዛ ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተደራጀ፤ መሣሪያ ሲኖርም የቀበሌው ነበር። በዚያ መድረክ የሚቀርበው ሥራ መንግሥት የሚፈልገው ቅስቀሳ እንደነበረ መሸፈን አይገባም፤ ልጆች ክር መንካት የጀመሩትም በዚያው ቦታ ነው። ኋላ ስማቸው የተጠራ ብዙ የሙዚቃ ሰዎች መነሻቸው የቀበሌ ኪነት ነው። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም እስከ ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ ቤዙ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ የሚቆየው ልጅ ያነሳዋል፣ የቀደመው ያሳየዋል። በባህል ባንዶች ዘንድ ደግሞ ቤዝ ክራር ይህንኑ ወፍራም ቦታ ይዟል።

ዜማውም እንደ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በካሴት ዘመን በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ውስጥ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወታቸውን የቤዝ መስመሮች መያዝ የፈለገ ጀማሪ ትንሽዬ ቴፕ ፊት ተደቅኖ ይውላል። የትንሽ ስፒከር ጉዳቱ ወፍራሙን ድምፅ መዋጡ ነው፤ ስለዚህ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ባትሪ እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሳል፣ ያልተሰማውን ክፍል በግምት ይሞላል። በግምት የሞላው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ይለያል፤ ከእሱ የሚማረው ልጅም የሚይዘው እሱን ነው። ዜማው እንዲህ ሲተላለፍ የባለቤቱ ስም ሊቀር ይችላል፤ በዲትሮይት የሞታውን ኩባንያ ዘፈኖች ላይ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን በዓለም ዙሪያ ብዙዎችን ያስተማረው ስሙ ሳይታወቅ ነው። በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ይመታ የነበረው ይህ ሰው፣ ስሙ በአንድ ትልቅ የሞታውን አልበም ላይ የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ጣቱን የቀዱት ሰዎች ማንን እንደቀዱ አያውቁም ነበር። በድካሙ ለሚኖር ባለሙያ ይህ በደል ነው፤ ፍቅር አያስተካክለውም።

ወፍራም ድምፅ ሌላ ሰው ይፈልጋል የሚለውን አስተያየት የሚፈትን አንድ የቆየ መሣሪያ በአገር ቤት አለ። በገና አሥር አውታር አለው፤ ከአውታሩና ከመቀመጫው መካከል የምትገባው እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ያንን የሚንዘረዘር ጥልቅ ድምፅ ታወጣለች። በዐቢይ ጾም ይደረደራል፤ ደርዳሪው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ ባንድም ከበሮም የለም። የበገና ደርዳሪ እንደ አዝማሪ በመሸታ ቤት ለገንዘብ የሚዞር አልነበረም፤ ከነገሥታትና ከመኳንንት እስከ ተራው ምእመን ለመንፈሱ ሲል የሚማረው ነው። ታዲያ ይህ ብቸኛ መሣሪያ አይደለም? አይደለም። ደርዳሪው ራሱ በቃል ያዜማል፤ በገናው ለዚያ ቃል መቆሚያ ነው፣ ቃሉም የሚሄድበት አለው፤ ጸሎት ሰሚ ያለው ንግግር ነውና። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ የሚያደርጋቸው ወፍራሙ ድምፅ ራሱን ወደ ፊት አለማውጣቱ ነው። የሚለያዩት በሚጠብቁት ሰሚ ነው።

ቤዝ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሲተላለፍ የሚሆነውን በቅርብ ማየት ይገባል። ተዋሹ መጀመሪያ የሚነካው ማንገቻውን ነው፤ በባለቤቱ ቁመት ልክ ታስሯል። ቀጥሎ አንገቱን በብርሃን አዙሮ ፍሬቶቹን ያያል። ክሩ ብረቱን የበላበት ቦታ ባለቤቱ የት የት እንደሚኖር ይናገራል፤ ከአምስተኛው ፍሬት በታች ብቻ የተበላ ከሆነ ሰውየው ላይ ወጥቶ አይጫወትም። ላብ ያረፈበት የክሩ ክፍል ጠቁሯል፣ ድምፁም ደንዝዟል። የቤዝ ክር ከጊታር ክር ዋጋው በብዙ ስለሚበልጥ የብዙ አገር ጀማሪዎች አሮጌውን ክር ፈትተው ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያፈሉታል፣ በደንብ ያደርቁታል፣ መልሰው ያስሩታል። በጠመዝማዛው ሽቦ መሐል የተጠራቀመው ቅባትና እድፍ ስለሚወጣ ድምፁ ይጠራል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ይደነዝዛል። ጄመርሰን በበኩሉ ክሩን ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል፤ የደነዘዘው ድምፅ የሱ ድምፅ ሆነ። ከአንገቱ ውስጥ ደግሞ የክሮቹን ጉተታ የሚቋቋም ዘንግ አለ፤ በቁልፍ ትንሽ ሲዞር የአንገቱን ጎብጠት ያስተካክላል። ይህን ተዋሹ ሳይጠይቅ እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙር፣ ቃኝና ነገ እየው ይለዋል። መሣሪያው ሲሄድ እንዲህ ያለው እውቀት አብሮ ይሄዳል። ሱቅ የሚሸጠው ቤዝ ይህን ይዞ አይመጣም።

ለፍቅሩ የሚጫወት ሰው ከባለሙያው ያነሰ ይጫወታል፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። ልምምዱ ጥቂት ነው፣ እጁ ይደክማል፣ ፈጣን ዘፈን ላይ ይዘገያል። አሪስቶትል በዚያው መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል ስለ ሙዚቃ ትምህርት ሲጽፍ፣ ነፃ ሰው መጫወትን መማር ያለበት በጎ ዜማን ለመለየትና በእሱ ለመደሰት እስኪበቃ ድረስ ነው ይላል፤ ለውድድርና ለተመልካች አድናቆት ብሎ የሚደረገውን ሥልጠና ይነቅፋል። ባለሙያን ዝቅ አድርጎ ማየቱ የዘመኑና የመደቡ ንቀት ነው፤ ሊከተሉት አይገባም። ከንቀቱ ተለይቶ የሚቀረው ነጥብ ግን ጠንካራ ነው፤ አንዳንድ ሥራ ዋጋው የሚገኘው በውጤቱ ሳይሆን እየተሠራ ባለበት ሰዓት ውስጥ ነው። ሦስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና አንድ ቤዝ ያለው ጎረቤት ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው አንድ ትዝታ ደጋግመው ቢጫወቱ፣ የሚቀረፅ ነገር ባይኖርም፣ የሚያጨበጭብ ባይመጣም የጎደለ ነገር የለም። ቤዝ ተጫዋቹ ከሁሉም በላይ ይህን ያውቃል፤ ድሮውንም አድናቆት ወደ እሱ ብዙ አይመጣም።

በየቤቱ ቁም ሣጥን ጀርባ የቆመ፣ ባለቤቱ ለመሸጥ የሳሳለትና ለመጫወት ጊዜ ያጣለት ቤዝ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው ለሚማር ልጅ፣ ለሰፈር ቡድን ወይም ለመዘምራን ያውሰው። ሲያውስ ገመዱን አብሮ ይስጥ፤ ትንሽም ቢሆን አምፕሊፋየር ካለው አይከልክል፣ ያለ እነሱ ቤዝ አይሰማምና። መቼ እንደሚመለስ በግልጽ ይነጋገሩ፣ እሱም ሲለማመዱ አንድ ቀን ሄዶ ይስማቸው። የተዋሰው ሰው ደግሞ ሲመልስ አዲስ ክር አስሮ ይመልስ።